ኔትወርክ የለም ያልኩበት ቀን

ማርቄ፣ የኔ መምህር፣

ከተለያየን አራት ዓመት ከሦስት ወር አለፈን። እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ አንተ ባለህበት ሰው እንደማይታመም፣ እንደማይደክም ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። የኔን ከጠየቅከኝ ግን ደክሞኛል። ጉልበቴን ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፣ ጉልበት ድሮም የለኝም። ዓርብ ሲመሽ «ነገ ቅዳሜ ነው» ስል ልቤ ነው የሚዝለው። ይህንን ለሰው ስናገር «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ» ይሉኛል፤ አሜን እላለሁ። ግን ሰው አንዳንዴ መበርታት አያምረውም፤ ቁጭ ብሎ ደከመኝ ማለት ብቻ ነው የሚያምረው። ይህን ከአንተ ሌላ ለማን እላለሁ?

የምጽፍልህ ግን ለማማረር ብቻ አይደለም። የዋሸሁት ነገር አለ። አባ ሳይደርሱልህ፣ ቅባቱን ሳትቀባ፣ ሳትቆርብ የሄድከው ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበረም፤ እኔ ስላልደወልኩ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ቻርጅም ነበረው፣ ካርድም ነበረው። አልደወልኩም። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ኔትወርክ አልነበረም» አልኩ፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ በአርባ ምንጭ ይህን ሲነግሩት የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። «ወይ ጉድ!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀባሪው በሙሉ ያመነልኝን ውሸት እኔ ብቻ ማመን አቃተኝ።

በተራው ልንገርህ። መጀመሪያ የቤቱን ልጨርስ።

ሲቀላ ያለው ቤታችን ደህና ነው። በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ ያ ጫማህን በእጅህ ይዘህ የምትሻገረው ጭቃ የለም። ባጃጁ እንደ ጉንዳን ፈልቷል። ጓሮ የተከልከው ሃሌኮ፣ ያ ሽፈራው የሚሉት ዛፍ፣ ከቤቱ ጣራ በልጦ ወጥቷል፤ ቅጠሉን ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይሸመጥጣል፣ እኔማ ብቻዬን ቀቅዬ በልቼ አልጨርሰው። ልጃችን ሰላም ትምህርቷን ጨርሳ ሐዋሳ ሥራ ያዘች። በየእሁዱ ትደውልልኛለች። ቅዳሴ ሄድሽ ወይ ስላት «እማ ደግሞ!» ትለኛለች። አልሄደችም ማለት ነው።

ቁምስናችንንማ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ብታየው አታውቀውም። የድሮው አባ ተዛውረው ወጣት ቄስ መጥተውልናል፤ እኚህ ደግሞ ማረፍ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ረቡዕ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ፣ በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል አለ፣ በግንቦት ከቤት ቤት እየዞርን መቁጠሪያ እንደግማለን፣ ለሚጋቡ ለብቻ ትምህርት አላቸው፣ ልጅ ለሚያስጠምቁ ወላጆችም ለብቻ። አንተ በአንድ ጠመኔና በአንድ ጉሮሮ የያዝከው ነገር ዛሬ ፕሮግራም ተብሎ በር ላይ ተለጥፏል። እሁድ እሁድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወንበሩን ይሞሉታል። ባለፈው ከአዲግራት የመጣች አንዲት ተማሪ፣ መዘምራኑ በኪቦርድና በከበሮ ሲያጨበጭቡ አይታ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብላ «እማማ፣ ይሄ በእውነት ካቶሊክ ነው?» አለችኝ። እሷ እዚያ የለመደችው የግዕዙን ቅዳሴ ነው። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አንተ ብትሆን አስቀምጠህ ግማሽ ሰዓት ታስረዳት ነበር። እኔ «ነው ልጄ፣ ትለምጂዋለሽ» ብዬ አለፍኳት፤ አሁን እሷም ከፊት ቆማ ታጨበጭባለች።

ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የጫኖዋ ጸሎት ቤት ግን እንዳለች ናት። ቆርቆሮዋ ብቻ ተቀይሯል። አሁንም አባ የሚቀድሱባት በወር አንድ ጊዜ ነው። በቀሩት እሁዶች ቃሉን እያነበብክ ጸሎት የምትመራው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምረው አንተ ነበርክ። አንተን በቀበርን በወሩ የምእመናኑ ሽማግሌዎች ቤት መጥተው «አዲስ ሰው እስኪገኝ ቅዳሜውን ያዢልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ያ አዲስ ሰው እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ሰው ሁሉ «የባሏን አደራ አልጥልም አለች» እያለ ያመሰግነኛል። የምን አደራ! ራሴን የምቀጣበት ነው እንጂ። ለባሏ ካህን ያልጠራች ሴት ስለ ምስጢራት ታስተምር፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አቧራ። ልክሽ ነው አስቴር፣ እያልኩ ነው የምሄደው።

ደግሞ እኔን ብሎ አስተማሪ! ረስተኸው እንደሆነ፣ ከተማሪዎችህ ሁሉ ሰነፏ እኔ ነበርኩ። ከኦርቶዶክስ ቤት ነው የመጣሁት፤ ጸሎተ ሃይማኖቱን አባቴ በግዕዝ ሲያደርሱት እየሰማሁ አድጌ፣ አንተ በአማርኛ ስትጠይቀኝ መሃሉ ላይ ድርግም ይልብኝ ነበር። ሁለቴ ጣልከኝ። ከዚያ ሽማግሌ ልላክ ወይ ስትለኝ፣ መጀመሪያ አሳልፈኝ አልኩህ። «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ብለህ ፊትህን ኮስተር አድርገህ እንደገና ጠየቅከኝ። እንደገና ጠፋኝ። እንደገና ጣልከኝ፣ በሳምንቱም ሽማግሌ ላክህ። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ሰውየው አያዳላም፣ ስጧት» ያሉት እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

አሁን ወደማልፈልገው ልግባ። ሐኪሞቹ ለጉበትህ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ብለው ወደ ቤት ሲመልሱን፣ አንተም አውቀሃል፣ እኔም አውቄያለሁ። ያላወቅን መስለን ተቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን «አስቱ፣ አባን ብትጠሪልኝ» አልከኝ። ነገ አልኩህ። በሁለተኛው ቀንም ደግመህ አልከኝ። ወደ ደጋው ወጥተዋል፣ ሲወርዱ እደውላለሁ አልኩህ። በሦስተኛው ቀን አልጠየቅከኝም። ስንት ቤት አብሬህ ገብቻለሁ፤ አባ ያችን ትንሽ የቅባት ሻንጣቸውን ይዘው ደጁን ሲረግጡ ራስጌ የተቀመጠችው ሚስት ፊቷ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ያ ፊት የኔ ሊሆን ነው አልኩ። ካልደወልኩ የምትቆይልኝ መሰለኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በማግስቱ ጠዋት ያቀጠንኩልህን አጥሚት ይዤ ስገባ ፀሐይዋ አልጋህ ላይ ደርሳለች፣ አንተ ሄደሃል።

ለስንቱ ካህን ያደረስክ ሰው! ዝናብ እየጣለ አባን በሞተር ሳይክል አፈናጥጠህ ቁልቁለቱን ስትወርድ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ መቁጠሪያ እቆጥር ነበር። ለአንተ ተራው ሲደርስ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የተቀመጠች ሚስትህ አልደረሰችልህም። እና አራት ዓመት ሙሉ ተናዘዝኩ፤ በየገናው፣ በየፋሲካው። ሐሜቱን እናገራለሁ፣ ቁጣውን እናገራለሁ፣ ጾም መሻሬን እናገራለሁ። እዚያ ነገር ጋ ስደርስ ዙሪያውን ዞሬ አልፈዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ግን የማላስበው መጣ። ጫኖ ላይ ለገና የመጀመሪያ ቁርባናቸውን ለሚቀበሉት ስለ ኑዛዜ የማስተምርበት ቅዳሜ ነበር። አንተ ከጎሜ ነበር የምትጀምረው። የጋሞ ሰው ያጠፋውን ደብቆ ዝም ካለ ጎሜ ይይዘዋል፣ ከብቱም ልጁም ይታመምበታል፤ ስለዚህ ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት አደባባይ፣ ሰው ፊት ቆሞ ይናገራል፣ ይታረቃል። «ኑዛዜም እንደዚያ ነው፣ ሳይናገሩት የሚፈታ ነገር የለም» ትላቸው ነበር። ዋናው ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው፤ «ልዩነቱ፣ የምንናገረው በካህኑ ጆሮ ብቻ ነው፣ ካህኑም ለማንም አይናገርም» የሚለው። ያን ቀን ሙቀቱ አናቴን ይዞኛል፣ እግሬም አብጧል። የጎሜውን ነገር አስተማርኩና ልዩነቱን ሳልናገር «በሉ፣ ነገ አባ ስለሚመጡ ተዘጋጅታችሁ ኑ» ብዬ አንተ ታስተምርበት የነበረውን ደብተር ዘጋሁ። እንኳን ልዩነቱ፣ አባታችን ሆይን ራሱን በጥድፊያ ነው ያደረስነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ ጋሽ ዱባለ ናቸው፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ስለመጡ አታውቃቸውም። በልጅነታቸው ተጠምቀው ሳይቆርቡ ያረጁ፣ ጫኖ ላይ ሙዝ ያላቸው ሰው ናቸው። እሁድ ጠዋት ቤቱ ጢም ብሎ፣ አባ ገና ለቅዳሴው ልብሳቸውን ሳይለብሱ፣ ጋሽ ዱባለ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው መሃል ገቡ። እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር ይዘዋል። በእኛ አገር ሣር ይዞ የቆመን ሰው ማንም እንደማይገፋው ታውቃለህ። ስለ እድር የሚያስታውቁ ነበር የመሰለኝ። እሳቸው ግን ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረው ለወይዘሮ አልማዝ፣ ለእርሻ ጎረቤታቸው፣ በጋሞኛ ይናገሩ ጀመር። «አምና ውሃ ባጠረ ጊዜ፣ የመስኖው ተራ የአንቺ ሳለ፣ አንቺ ለቅሶ በሄድሽበት ቀን ቦዩን ወደ ሙዜ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ በቆሎሽን ያደረቅኩት እኔ ነኝ» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልክ ዱቡሻ ላይ እንደሚደረገው ነው የቆሙት፣ እኔ ያስተማርኳቸውን ነው ያደረጉት። ወይዘሮ አልማዝ መጀመሪያ ጮኹባቸው። ለካ ዓመቱን ሙሉ ሲረግሙ የኖሩት ሌላ ሰው ነበር። ጋሽ ዱባለ አልተቆጡም፣ አልተቀመጡም፤ ሣሩን እንደያዙ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ጩኸቱ ሲያልቅ ሴትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ሣሩን ከእጃቸው ተቀበሉ። «ዘንድሮ ተራዬን አንተ ነህ የምትጠብቅልኝ» አሏቸው። ሰው ሳቀ፣ እልልም ያለ ነበር። ጋሽ ዱባለ ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው የታጠበ ይመስል ነበር። እኔ ያን ፊት አይቼ ቀናሁባቸው። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ከቅዳሴው በኋላ አባ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ማንጎው ሥር ጠርተውኝ «ወይዘሮ አስቴር፣ ምን ብለው ነው ያስተማሯቸው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ እንዲያውም ሳቃቸውን አፍነው ነው። እኔ ግን አለቀስኩ። ልዩነቱን መርሳቴን ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት የአንተ ነገር ወጣ፤ ሦስቱ ቀናት፣ ስልኩ፣ ውሸቱ፣ ሁሉም። አባ ጨርሼ እስክናገር ጠበቁኝ። «የእግዚአብሔር ምሕረት የእኔን መምጣት የሚጠብቅ መሰለዎት ወይ?» አሉኝ፤ ፈቱኝም። ቀለለኝ፣ አልዋሽህም። ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ጋሽ ዱባለ እኮ የቆሙት ከበደሏት ሴት ፊት ነው። እኔ የበደልኩት አንተን ነው፣ አንተ ደግሞ የለህም። ይህንኑ ስምህን ሳልጠራ ጋሽ ዱባለን ብጠይቃቸው፣ «የተበደለው ከሞተ ታላቁ ይሰማለታል» አሉኝ። ለእሳቸው ነገሩ ቀላል ነው።

ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ታደለ ናቸው። እሳቸው ወዳሉበት ደጋ፣ ገረሴ ለመውጣት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዴ መኪና የለም እላለሁ፣ አንዴ ወገቤ ነው እላለሁ። የፈራሁት ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ጋሽ ታደለ ከአንተ በኋላ ለኔና ለሰላም አባት ሆነው ነው የኖሩት፣ ድንቹም ገብሱም ከእሳቸው ጓሮ ነው የሚመጣልን። ይህን ከሰሙ በኋላ በራቸውን ቢዘጉብኝ ምን አፍ አለኝ? በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ፣ የገበያው መኪና ላይ ወጣሁ። ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ ብርዱም የጫኖ ሙቀት የለመደውን አጥንቴን ቆረጠኝ። ጋሽ ታደለ የእንሰቱን ሥር ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ገብቼ ልቀመጥ ብል ሐሳቤን እንደምቀይር ስለማውቅ እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ሣር አልያዝኩም፤ እጄ ላይ የነበረው ያመጣሁላቸው ሙዝ ነው።

መኮትኮቻቸውን አቁመው ሰሙኝ። ስጨርስ ምን አሉኝ መሰለህ? «ስልኩማ ይሠራ ነበር» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን እሳቸው ደውለውልህ ነበር። እኔ መድኃኒት ልገዛ መድኃኒት ቤት በወጣሁበት ሰዓት፣ ያን አንዴ ብቻ ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ አልጋው ላይ ረስቼው። አንተ አነሣህ። አባ መጡልህ ወይ ብለው ሲጠይቁህ አልመጡም አልካቸው። እኔ ልደውልላቸው ቢሉህ እምቢ አልክ። «ተዋት፣ ፈርታ ነው። አባ በዚያ በር ከገቡ ከዚያ ወዲያ የምታየኝ እንደ ሬሳ ነው። የቀረችኝን ቀን እንደ ሰው ትየኝ» አልካቸው። እንዳይነግሩኝም አስማልካቸው። እሳቸው ደግሞ የገረሴ ሰው ናቸውና መሐላቸውን ጠበቁ። እኔ ራሴ መጥቼ እስክናገር ድረስ አፋቸውን ዘግተው ድንች ሲልኩልኝ ኖሩ።

ልንገርህ ማርቄ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እዚያው እንሰቱ መሃል ቆሜ በስምህ ጠርቼ ሰደብኩህ፤ ጋሽ ታደለ ምስክሬ ናቸው። አውቀህ ነው? አውቀህ ነው አራት ዓመት ያን ሁሉ ቅዳሜ ያስኬድከኝ? «አስቱ፣ ገብቶኛል» ብትለኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል! ለሰው ሁሉ የማይናገሩት ነገር አይፈታም እያልክ ስታስተምር ኖረህ፣ የራስህን ይዘህብኝ ሄድክ። ከዚያ ጋሽ ታደለ አስገብተው ቦርዴ፣ ያን የእህል መጠጣቸውን፣ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ደግሞ ሳቅኩ። እርሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ። ሲመሽ መኪና ስለሌለ እዚያው አደርኩ፤ እንደዚያ ቀን እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

እስኪገባኝ ሰነበተ። ሦስተኛው ቀን ላይ አልጠየቅከኝም ብዬህ የለ? ተስፋ የቆረጥክ ነበር የመሰለኝ። ለካ ትተህልኝ ነው። ለሌላው ሁሉ በዝናብ ሄደህ ያደረስከውን ነገር፣ ለራስህ ሲሆን ለእኔ ፍርሃት ብለህ ተውከው። ትክክል ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ብደውል ይሻል ነበር፣ ዛሬም እላለሁ። አንተም ሥርዓት አዋቂው፣ አንድም ቀን ያላላላህ ሰውዬ፣ ይህን ማድረግህ ልክ አልነበረም ብዬ ልከራከርህ እችላለሁ። ግን ፍርድ ቤት አይደለንም። ተዋደን ነው ሁለታችንም ያጠፋነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጫኖ ሄጄ የሕሙማንን ቅባት አስተማርኩ። ደብተርህን አልከፈትኩም። የእኔንና የአንተን ነገር ከነውሸቱ ነገርኳቸው፤ ሰው ሲታመም ካህን በጊዜ ጥሩ፣ ስለሚሞት አይደለም፣ ብቻውን እንዳይሆን ነው፣ አልኳቸው። ጋሽ ዱባለ ከኋላ ሆነው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። አባንም ነገርኳቸው፤ ከእንግዲህ በወር ሁለት ቅዳሜ ነው የምችለው፣ የቀረውን ከዩኒቨርሲቲ ልጆች አንዱ ይያዘው አልኩ። ለቅጣት መሄድ አበቃ። ደክሞኛል፣ ደከመኝ ማለትም ነውር አይደለም። የአዲግራቷ ልጅ እሺ ብላለች፤ እሷማ ልዩነቱን አትረሳም፣ ሁሉንም እንደ ቤተ ክህነት ሰው ነው የምትጽፈው።

አንተን ግን አልረሳም። ሰው «እንዲህ ያለ አስተማሪ ነበር» ሲል እኔ የማስበው ሌላ ነው፤ ስልኩን አንሥቶ ስለ ሚስቱ ፍርሃት በቀስታ የተናገረውን በሽተኛ። እስክመጣ ድረስ እሱን ነው የምይዘው።

ትናንት ሰላም ደውላ ነበር። የአባቷን ነገር ሁሉ አጫወትኳት። ከዚያ እኔም አንድ ቀን መታመሜ አይቀርም፣ ያን ጊዜ አባን ጥሪልኝ አልኳት። እሺ አለች፣ ድምፅዋ ግን ተሰበረ። ለመደወል እጅሽ እምቢ ካለሽም ግን ልጄ፣ አልቀየምሽም፣ አልኳት።

አስቴር